ብድር በምድር፦ ለማያውቁት ሰው ደግ መሆንን እንዴት ልማድ ማድረግ ይቻላል?

«ብድር በምድር» የሚለው አባባል ሁለት ቃል ብቻ ቢሆንም፣ ሰው በሰው ላይ የሠራው ደግም ሆነ ክፉ ነገር ውሎ አድሮ ወደ ሠሪው ይመለሳል የሚለውን ትልቅ እምነት ጠቅልሎ ይዟል። ይህንኑ እምነት ዛሬ ብዙ ሰው «ካርማ» በሚለው ቃል ይጠራዋል። ሰልፍ ጥሶ የገባው ሰው መስኮቱ ጋ ሲደርስ ሰነድ ጎድሎበት ቢመለስ «ካርማ ነው» ይባላል፤ ወድቆ ያገኘውን ቦርሳ ለባለቤቱ የመለሰው ደግሞ በሳምንቱ ሥራ ቢያገኝ «ያ ደግነቱ ነው የከፈለው» ይባልለታል። በዚህ አነጋገር ካርማ ገቢና ወጪ እየመዘገበ ወሩ ሲያልቅ ሒሳቡን የሚዘጋ የማይታይ የሒሳብ ሠራተኛ ይመስላል።

ቃሉ በተወለደበት ቦታ ግን ትርጉሙ ከዚህ የተለየ ነው። በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ፣ በሳንስክሪት፣ «ካርማ» ማለት «ሥራ» ወይም «ድርጊት» ማለት እንጂ ቅጣት ወይም ሽልማት ማለት አይደለም። የሂንዱ እምነት ታላቅ መጽሐፍ የሆነው ባጋቫድ ጊታ ሰው ተግባሩን በትጋት እንዲፈጽም፣ የተግባሩን ፍሬ ግን እንዳይመኝ ያስተምራል። በቡድሃ ትምህርት ደግሞ ካርማ ከሁሉ በፊት ሐሳብ ነው፤ ማለትም ሰው ድርጊቱን ሲፈጽም በልቡ የያዘው ዓላማ ነው። እነዚህን ሁለት ነጥቦች ያነሣሁት ለዕውቀት ያህል ብቻ ሳይሆን ከዚህ በታች የማቀርበው የአሠራር መንገድ የቆመው በእነርሱ ላይ ስለሆነ ነው። ለማያውቁት ሰው የተደረገ ደግነት ይመለሳል ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው ባደረጉለት ሰው እጅ፣ በጠበቁት ቀንና በጠበቁት መልክ አይደለም። ስለዚህ መማር የሚያስፈልገው ብድሩን የማስመለሻ ዘዴ ሳይሆን፣ መመለሱን ሳይጠብቁ ማድረግን ነው።

ለዘመድ፣ ለጎረቤትና ለሥራ ባልደረባ የሚደረግ ደግነትም የራሱ ክብር አለው፤ ይሁንና በዚያ ውስጥ ምንጊዜም ትንሽ ልውውጥ አለ፤ ዛሬ ያገዝነው ሰው ነገ እንደሚያግዘን እናውቃለን፤ ብንቀርበት ደግሞ ይታዘበናል። ዳግመኛ ለማናገኘው ሰው ስናደርግ ግን ይህ ልውውጥ ይቀራል። ልምምዱን ከማናውቀው ሰው መጀመር የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሐሳባችን ንጹሕ መሆን አለመሆኑ ቶሎ የሚገለጠው እዚያ ላይ ነውና።

ብድሩን የሚከፍለው ማን ነው?

ጄምስ ሃሪሰን የተባለው አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ1951፣ የ14 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከባድ የሳንባ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ሕይወቱን ያተረፈለትም የማያውቃቸው ሰዎች የለገሱት ደም ነበር። እነዚያን ሰዎች አንድ በአንድ ፈልጎ ማመስገን የሚቻል ነገር አልነበረም፤ የሚቻለው ዕድሜው ሲፈቅድ እርሱም ደም ለመለገስ ቃል መግባት ብቻ ነበር። 18 ዓመት ሲሞላው መለገስ ጀመረ፤ መርፌ ስለሚፈራም ክንዱን በሚወጉት ጊዜ ሁሉ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞር ነበር። ከዓመታት በኋላ ሐኪሞች በደሙ ውስጥ አንቲ-ዲ የተባለ ብርቅዬ አንቲቦዲ (ሰውነት ራሱን የሚከላከልበት ንጥረ ነገር) እንዳለ ደረሱበት፤ ይህም የእናትና የጽንስ ደም ባለመጣጣሙ ሕፃናት እንዳይጎዱ ለመከላከል የሚሰጥ መድኃኒት የሚሠራበት ነው። ሃሪሰን እስከ 2018 ድረስ 1,173 ጊዜ የለገሰ ሲሆን፣ ልገሳው የ2.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናትን ሕይወት ለመታደግ እንደረዳ ይገመታል። መድኃኒቱን ከወሰዱት እናቶች መካከል አንዷ የገዛ ልጁ ነበረች።

በ1951 ደማቸውን የሰጡት ሰዎች ከዚህ ሁሉ ምን አገኙ? በእጃቸው የገባ ነገር የለም፤ ምናልባትም የለገሱት ደም ለማን እንደደረሰ እንኳ ሳያውቁ አልፈዋል። ሥራቸው ግን አልቆመም፤ በአንድ ልጅ በኩል አልፎ ሊያስቡት ወደማይችሉት ቁጥር ደረሰ፤ ከዚያም ዞሮ የልጁን ቤት ጎበኘ። የደግነት ዋጋ ዘላቂ ነው ሲባል እኔ የምረዳው በዚህ መልክ ነው።

ይህ የሚሆንበትን መንገድ በተለያየ አቅጣጫ የመረመሩ ሰዎች አሉ። ማርቲን ኖዋክ እና ካርል ሲግመንድ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት የሒሳብ ቀመር፣ ሁለት ሰዎች ዳግመኛ የማይገናኙ ቢሆኑም እንኳ መረዳዳት በማኅበረሰብ ውስጥ ሥር ሊሰድ እንደሚችል አሳይተዋል፤ ምክንያቱም የረዳ ሰው ስሙ ይወጣለታል፣ ስሙን የሰማ ሦስተኛ ሰው ደግሞ እርሱን ለመርዳት አይሰስትም። ጄምስ ፋውለር እና ኒኮላስ ክሪስታኪስ በ2010 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች በገንዘብ መዋጮ ጨዋታ ላይ ቡድን እየቀያየሩ ሲጫወቱ፣ የአንዱ ቸርነት ከተቀበለው ሰው አልፎ እስከ ሦስተኛው ሰው ድረስ እንደሚተላለፍ አመለከተ። ከሁሉ የሚቀርበው ክፍያ ግን በራስ ውስጥ የሚከፈለው ነው። ኤልዛቤት ደን እና ባልደረቦቿ በ2008 ባሳተሙት ሙከራ ለተሳታፊዎች ጠዋት 5 ወይም 20 ዶላር ሰጥተው ግማሾቹ ለራሳቸው፣ ግማሾቹ ለሌላ ሰው እስከ ምሽት እንዲያወጡት አደረጉ፤ ምሽት ላይ ደስተኛ ሆነው የተገኙት ለሌላ ያወጡት ሲሆኑ፣ የገንዘቡ ማነስና መብዛት ለውጥ አላመጣም። ሃይማኖተኛ ሰው ከዚህ ሁሉ በላይ የፈጣሪን እጅ ያያል፤ እዚህ ከተነገረው ውስጥ ይህን እምነት የሚቃወም የለም።

ከሁሉ አስቀድሞ ጊዜዎን ያስፉ

ደግነትን የሚገድለው ብዙ ጊዜ የልብ ክፋት ሳይሆን ጥድፊያ ነው። ይህን በጥሩ ሁኔታ ያሳዩት ጆን ዳርሊ እና ዳንኤል ባትሰን ናቸው፤ በ1973 ባሳተሙት ጥናት 40 የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ ሕንፃ ሄደው አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ጠየቋቸው። ለአንዳንዶቹ የተሰጣቸው የንግግር ርእስ በመንገድ ወድቆ ያገኘውን የማያውቀውን ሰው የረዳው የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነበር። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው በበር ሥር አንገቱን ደፍቶ እየሳለና እያቃሰተ እንዲቀመጥ ተደረገ። ጊዜ እንዳላቸው ከተነገራቸው 63 በመቶ ያህሉ፣ መጠነኛ ጥድፊያ ከነበረባቸው 45 በመቶው፣ ዘግይታችኋል ከተባሉት ግን 10 በመቶው ብቻ ለመርዳት ቆሙ። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊናገሩ የሚሄዱት እንኳ ይህን ያህል የተለዩ ሆነው አልተገኙም። ሊሰብክለት የሚሄደውን ሰው ተሻግሮት የሚያልፍ ሰው መሳቂያ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰዓት እያየን ከሰው ፊት ያለፍንባቸውን ቀናት ብንቆጥር ለመሳቅ የሚደፍር ከመካከላችን ጥቂት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባር በልብ ላይ ሳይሆን በቀን ፕሮግራም ላይ የሚፈጸም ነው። ከቤት የሚወጡበትን ሰዓት በአሥር ወይም በአሥራ አምስት ደቂቃ ያስቀድሙ። እነዚህን ደቂቃዎች ሌላ ሥራ አይሙሉባቸው፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ሲጠይቅዎ እስከ መታጠፊያው ድረስ ሸኝተው ለማሳየት፣ ልጅ አዝላ ዕቃ የምታወጣን እናት ለማገዝ፣ ወይም ብቻቸውን ተቀምጠው ወሬ የናፈቃቸውን አዛውንት ለመስማት የተቀመጡ ናቸው። አንድም ነገር ባይገጥምዎ ደግሞ ከቀጠሮዎ ቀድመው ይደርሳሉ፤ ይህም ለሚጠብቅዎ ሰው የተደረገ ደግነት ነው። ሁለተኛው ነገር ስልክ ነው። ዓይኑን ስክሪን ላይ ተክሎ የሚሄድ ሰው ማንንም ሊረዳ አይችልም፤ ማንንም አላየምና። በመንገድና ሰው በሚጠባበቅባቸው ቦታዎች ስልክዎን ኪስዎ ውስጥ ማቆየት በጣም ትንሽ ልምምድ ቢሆንም ከእርሱ የሚጀምር ነገር ብዙ ነው።

አይቶ መጠየቅ

ካዩ በኋላ የሚቀጥለው መጠየቅ ነው፤ ብዙ በጎ ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ከባድ ሻንጣ ይዘው ደረጃ ሲወጡ አይቼ ሮጬ ከኋላቸው ደረስኩና ምንም ሳልናገር ሻንጣውን ጨበጥኩ። ሌባ መስያቸው ጮኹ፤ ሰው ተሰበሰበ፤ ራሴን ለማስረዳት የፈጀብኝ ጊዜም ሻንጣውን ሦስት ጊዜ ለማመላለስ የሚበቃ ነበር። ሐሳቤ በጎ ነበር ብዬ ልከራከር እችላለሁ፤ ነገር ግን ያን ዕለት ለሴትየዋ ያደረግሁላቸው ነገር ቢኖር ማስደንገጥ ብቻ ነው። እርዳታ ተቀባዩ እሺ ወይም እምቢ የሚልበት ክፍተት ከሌለው ለእርዳታነት የቀረ ነገር የለውም።

ሲጠይቁ ከፊት ለፊት ሆነው፣ ትንሽ ራቅ ብለው፣ ለዕድሜው የሚገባውን የአክብሮት ቃል ተጠቅመው ይጠይቁ። «የምረዳዎት ነገር አለ?» ከሚለው ሰፊ ጥያቄ ይልቅ «ሻንጣውን በዚህ በኩል ብይዘውስ?» ወይም «ፎርሙን አብረን እንሙላው?» የሚለው የተለየ ጥያቄ ይሻላል። ሰፊው ጥያቄ ተጠያቂውን ችግሩን ዘርዝሮ እንዲናገር ያስገድደዋል፤ ብዙ ሰው ደግሞ ችግሩን ለማያውቀው ሰው ከመዘርዘር «አይ፣ ምንም የለም» ማለትን ይመርጣል። የተለየው ጥያቄ ግን በአንድ ቃል ወይም በራስ ንቅናቄ ሊመለስ ይችላል። እምቢ ካሉ ደግሞ አንድ ጊዜ ይበቃል፤ አመስግነው ይለፉ። ደግመው ደጋግመው ለመርዳት የሚለምን ሰው ከእርዳታው ይልቅ ረዳት መባሉን የፈለገ ይመስላል።

ሰው በበዛበት ቦታ ግን ሌላ ፈተና አለ። ዳርሊ ከቢብ ላታኔ ጋር በ1968 ባሳተመው ጥናት ተሳታፊዎች በየክፍላቸው ሆነው በድምፅ ማስተላለፊያ ሲነጋገሩ አንዱ የሚጥል በሽታ እንደያዘው የሚያሳይ ድምፅ እንዲሰሙ ተደረገ። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካመኑት 85 በመቶው ፈጥነው እርዳታ ሲጠሩ፣ ሌሎች አራት ሰዎች አብረው ይሰማሉ ብለው ካመኑት ግን ይህን ያደረጉት 31 በመቶው ብቻ ነበሩ። ሁሉም ሌላው ያደርገዋል ብሎ ይጠብቃል ማለት ነው። ይህን ካወቁ መፍትሔው ግልጽ ነው፤ ሰው ወድቆ፣ ሌላው ከቦ ቆሞ ሲያዩ ሌላ ማንም እንደሌለ አድርገው ያስቡና ወደ ፊት ይምጡ። እገዛ ካስፈለገዎትም ለሕዝቡ በጅምላ «እርዱ!» ብለው አይጩኹ፤ አንዱን ለይተው «ሰማያዊ ሹራብ የለበሱት ወንድም፣ አምቡላንስ ይጥሩልን» ይበሉ። ስሙ ያልተጠራ ሰው ይቆማል፤ የተጠራው ግን ይንቀሳቀሳል።

ትንሹን ነገር አለመናቅ

ብዙዎቻችን ትንሽ ደግነት ከማድረግ የምንታቀበው ስስት ይዞን ሳይሆን «ይህ ምን ይጠቅመዋል?» ከሚል ግምት ነው። ግምቱ ግን ስሕተት መሆኑን አሚት ኩማር እና ኒኮላስ ኤፕሊ በ2022 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። ከሙከራዎቻቸው በአንዱ በብርድ ወቅት ተሳታፊዎች የተሰጣቸውን ትኩስ ቸኮሌት ለማያውቁት ሰው እንዲሰጡና ተቀባዩ ምን ያህል ደስ እንደሚለው እንዲገምቱ ተጠየቁ፤ ተቀባዮቹ የተሰማቸው ደስታ ከተገመተው በላይ ሆኖ ተገኘ። ሰጪው የሚመዝነው የሰጠውን ዕቃ ነው፤ ተቀባዩ ግን ከዕቃው ጋር የታሰበለትንም ይመዝናል። በሩን ይዞ መጠበቅ፣ በሰልፍ ላይ የደከመውን ማስቀደም፣ ጥሩ ያስተናገደንን ሠራተኛ በአለቃው ፊት ማመስገን፣ ልጇ በሕዝብ መካከል ሲያለቅስባት የተሳቀቀችን እናት በፈገግታ ማየት፤ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚፈጁት ጊዜም ኢምንት ነው።

የተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ ትልቅ ነገር ለማድረግ ቃል ገብቶ ግማሽ መንገድ ላይ መተው። ለማያውቁት ሥራ ፈላጊ «ማመልከቻህን ላክልኝ፣ አየዋለሁ» ብለው ካላዩለት፣ ከመጀመሪያው ባይናገሩ ይሻለው ነበር፤ ስልኩን እያየ ስንት ቀን እንደሚጠብቅ ያስቡት። ሊፈጽሙት የሚችሉትን ያህል ብቻ ይናገሩ፤ የተናገሩትንም ይፈጽሙ።

ልማዱን ለመገንባት ደግሞ አንድ ጠቃሚ ፍንጭ አለ። ሶንያ ሊዩቦሚርስኪ እና ባልደረቦቿ ተማሪዎች ለስድስት ሳምንታት በየሳምንቱ አምስት በጎ ሥራዎችን እንዲሠሩ ባደረጉበት ጥናት፣ የደስታቸው መጠን በግልጽ የጨመረው አምስቱንም በአንድ ቀን የሠሩት እንጂ በሳምንቱ ቀናት የበተኗቸው አልነበሩም። የተበተነው ደግነት ከዕለት ተዕለት ኑሮ ጋር ተቀላቅሎ ሳይታወቅ ያልፋል። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ያህል ከሳምንቱ አንድ ቀን ይምረጡና በዚያ ቀን ዓይንዎን በተለየ ሁኔታ ከፍተው ይዋሉ። በሌሎቹ ቀናት እንዳይረዱ ማለት አይደለም፤ ዓይን ማየት የሚለምደው ግን እንዲህ በተለየ ቀን ነው።

ካደረጉ በኋላ

የሠሩትን ለሰው ከመንገር፣ ይልቁንም ፎቶ ከማንሣት ይታቀቡ። በቪዲዮ እየተቀረጸ ምጽዋት የሚቀበል ሰው የተቀበለውን በገጽታው እየከፈለ ነው፤ ያውም ዋጋውን ሳይስማማ። «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የሚለው ቃልም፣ ምጽዋታችሁን በመመጻደቅና ተቀባዩን በማስከፋት አታበላሹ የሚለው የቁርኣን ትምህርትም የሚከለክሉት ይህንኑ ነው። በእርግጥ ሌላውን ለማነሣሣት የሚነገርበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ ደም የሚለግስ ሰው ጓደኞቹን ይዞ ለመሄድ መናገር አለበት። መለያው፣ በታሪኩ ውስጥ የሚታየው ማን ነው የሚለው ይመስለኛል፤ ሥራው ከታየ መልካም ነው፣ የእርስዎ ፊት ከታየ ግን ዝም ማለት ይሻላል።

ምስጋናን በተመለከተም ራስዎን ያዘጋጁ፤ አንዳንዱ አያመሰግንም። በሩን ይዘውለት እርስዎን ሳያይ ያልፋል፤ መንገድ አሳይተውት ቃል ሳይናገር ይሄዳል። ምናልባት ከሐኪም ቤት መጥፎ ውጤት ሰምቶ የወጣ ይሆናል፤ ምናልባትም ስድ ነው። የትኛው እንደሆነ የማወቂያ መንገድ ስለሌለ ቀለል ያለውን ግምት መያዝ ለራስ ዕረፍት ነው። ቅር የሚሰኙ ከሆነ ግን ቅሬታውን አይደብቁት፤ ይመርምሩት። «ይህን አድርጌለት!» የሚል ድምፅ ከውስጥዎ ከሰሙ ያ ደግነት ስጦታ ሳይሆን ሽያጭ ኖሯል፤ ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት ባይናገሩትም። ይህ ስሜት ሁላችንንም ይጎበኘናል፤ ባጋቫድ ጊታ ፍሬውን አትመኝ የሚለውም ፍሬ መመኘት የተለመደ ነገር ስለሆነ ነው።

የደግነት ድንበር

ደግ መሆን ሞኝ መሆን አይደለም። የማያውቁት ሰው የባንክ ምስጢር ቁጥርዎን፣ በስልክዎ የደረሰዎትን የማረጋገጫ ኮድ፣ ወይም ይዘቱን የማያውቁትን ዕቃ ድንበር እንዲያሻግሩለት ቢጠይቅ መልሱ ምንጊዜም እምቢ ነው፤ የሚያስለቅስ ታሪክ ቢነግርዎም። ያስቸኩሎት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይጠርጥሩ፤ እውነተኛ ችግረኛ ጥቂት ደቂቃ ማሰቢያ ቢጠይቁት አይቆጣም፣ አጭበርባሪ ግን ማሰብዎን ይፈራል። ብቻዎን በጨለማ ቦታ ሆነው አንድ ሰው ቢያስቆምዎ ከርቀት ሆነው እርዳታ መጥራትም መርዳት ነው፤ መቅረብ ግዴታ አይደለም። የሚዋኙት ጥሩ ካልሆነ ሰው ሲሰምጥ አይተው አይግቡ፤ ገመድ ወይም እንጨት ይወርውሩ፣ ሰው ይጥሩ።

ይህን ማስጠንቀቂያ ግን ከልክ በላይ ማስፋት ሌላ ስሕተት ነው። በ2019 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በ40 አገሮች ውስጥ ባሉ 355 ከተሞች ከ17,000 በላይ «ጠፍተው የተገኙ» ቦርሳዎችን በባንክ፣ በሆቴል፣ በፖስታ ቤትና በመሳሰሉት የመቀበያ ጠረጴዛዎች ላይ ለሚሠሩ ሰዎች ሰጠ። ገንዘብ ካልነበረባቸው ቦርሳዎች 40 በመቶ ያህሉን ሠራተኞቹ ለማስመለስ ባለቤቱን ሲያነጋግሩ፣ ገንዘብ ከነበረባቸው ግን ቁጥሩ ወደ 51 በመቶ ከፍ አለ። አብዛኛው ሰው የሚገምተው ተቃራኒውን ነው። የማናውቀው ሰው ከምናስበው ይልቅ ሐቀኛ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

ካርማን የፍርድ ዱላ አለማድረግ

ስለ ብድር በምድር በሚነገረው ሁሉ ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ክፍል ነው። «ደግ የሠራ ደግ ያገኛል» ካልን በኋላ አእምሯችን ሳይታዘዝ ዓረፍተ ነገሩን ይገለብጠውና «ክፉ ያገኘው ክፉ ቢሠራ ነው» ይለናል። ሜልቪን ለርነር እና ካሮሊን ሲመንስ በ1966 ባሳተሙት ሙከራ ተመልካቾች አንዲት ሴት በኤሌክትሪክ ንዝረት የምትሠቃይ መስሏቸው ሲያዩና ሊያስቆሙት የማይችሉ ሲሆኑ፣ ከማዘን አልፈው ሴትዮዋን ማጣጣል ጀመሩ። ዓለም ፍትሐዊ ናት የሚለውን እምነታቸውን ለማዳን ሲሉ ንጹሑን ሰው ጥፋተኛ አደረጉት ማለት ነው። በሽተኛውን «ምን ሠርቶ ይሆን?» የምንል፣ ቤቱ የተቃጠለበትን «እጁን ነው ያገኘው» የምንል ከሆነ፣ ካርማ የሚለው ቃል ከመርዳት የምናመልጥበት በር ሆኗል።

ስለዚህ ሕጉን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይጠቀሙበት። ለራስዎ ሲሆን «የማደርገው ነገር ፍሬ አለው» ብለው ያስቡበት፤ የሌላውን ሰው መከራ ግን በእርሱ አይተርጉሙ። የተጎዳ ሰው ፊት ሲቆሙ የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እርሱም «አሁን ምን ላድርግ?» የሚለው ነው።

ተራው የእርስዎ ሲሆን

መስጠት የለመደ ሰው ብዙ ጊዜ መቀበል ያቅተዋል። መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ እንኳ ለሚያልፈው ሰው «ችግር የለም» ይላል። ፍራንሲስ ፍሊን እና ቫኔሳ ሌክ በ2008 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የማያውቁትን ሰው ውለታ ሲጠይቁ እሺ የሚላቸው ስንቱ እንደሆነ በጣም አሳንሰው እንደሚገምቱ አሳይተዋል፤ እሺታ ለማግኘት ከሚያስፈልገው በእጥፍ ገደማ የሚበልጥ ሰው መጠየቅ ያለባቸው ይመስላቸው ነበር። ሲቸግርዎ ይጠይቁ፤ በግልጽና በአጭሩ ይጠይቁ። ሲሰጡዎትም «ለምን ተቸገርክ፣ ባይሆን ይሻል ነበር» በሚል ንግግር ሰጪውን አያሳቅቁት፤ ዓይኑን አይተው አመስግኑና ተቀበሉት። ያን ዕለት ሰጪው እርሱ ነው፤ ደስታውን አይቀሙት።

ሌላው ሰው ደግሞ እርስዎን «ውለታዎን እንዴት ልክፈል?» ብሎ የሚጠይቅበት ቀን ይመጣል። «ኧረ ምንም አይደል» የሚለው መልስ ጨዋነት አለው፤ ነገር ግን ሰውየውን ዕዳ እንዳለበት ትቶት ይሄዳል፤ ዕዳ ደግሞ ይከብዳል። ከዚህ የተሻለ መልስ የሰጠው አሜሪካዊው የአገር መሪና ጸሐፊ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1784 ከፈረንሳይ ሆኖ ለተቸገረ ሰው አሥር የወርቅ ሳንቲሞች በላከ ጊዜ፣ ገንዘቡ ስጦታ ሳይሆን ብድር መሆኑን ጻፈለት። አከፋፈሉንም አብሮ ወሰነ፤ ችግርህ ሲያልፍ እንዳንተ የተቸገረ ሌላ ሐቀኛ ሰው ታገኛለህ፣ ይህንኑ ገንዘብ ለእርሱ አበድረው፣ እርሱም በተራው ለሌላው እንዲሁ እንዲያደርግ ንገረው፣ የእኔም ብድር በዚያ ይከፈላል አለው።